ሽንኩርቱን ያቆመው ፊርማ

ፊርማ የተማርኩት ጺሜ ሸብቶ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ ይጫኑልኝ ነበር፤ ከብት ላይ ምልክት እንደሚያደርጉ። ስለዚህ "ፊርማህ አልታመነም" የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመስኖ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበርኩ። ሽንኩርቱ ተነቅሎ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ዳስ ሥር ተቆልሏል። በሮቢት ሙቀት ጆንያ ውስጥ የገባ ሽንኩርት አይታገሥም። የአዲስ አበባው ገዢ ደግሞ ውሉ በኮምፒውተር ካልተፈረመ አልቀበልም አለ። የላከው የጭነት መኪና ከበላያችን ዳገቱ አናት፣ ጣርማ በር ላይ ቆሟል። ፊርማው ከተረጋገጠ ይወርዳል፤ ካልተረጋገጠ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጭናል።

የኮምፒውተር ፊርማ ማለት ፍላሽ የምታክል ቁልፍ ናት። ገዢው በስሜ አስወጥቶ ልኮልኛል። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሰካችው፣ እኔ የምስጢር ቁጥሬን መታሁ፣ ፋይሉን ወደ ስልኳ ገልብጣ ላከችው። በዚያ ኮምፒውተር ኢንተርኔት እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

መልሱ መጣ፤ ፊርማው ዋጋ የለውም። ደግመን ፈረምን። ዋጋ የለውም። ቁልፉን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካነው። ያው ነው።

አባላቱ በር ላይ ተሰብስበው ይሰማሉ። በውኃ ተራ ሁልጊዜ የሚጣላኝ አንዱ፣ "አውራ ጣትህ ይሻል ነበር! እሱን እንኳ የጠረጠረው የለም" አለ። ሳቁ።

"አንተ ሂድና ሽንኩርትህን አሽትት" አልኩት። ሳቁ ቆመ። መሽተት መጀመሩን ሁሉም ያውቃል።

ገዢው ዘንድ ያለው ባለሙያ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ሒሳብ ሠራተኛዋ የስልኳን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ቁልፉም ፋይሉም ደህና ናቸው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ስንት ይላል?"

"ትክክል ነው" አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ።

"እስቲ ዓመቱን አንብቢልኝ፣ እህቴ።"

አነበበችለት። ሳቁን ሲያፍን ሰማሁት።

"በኢትዮጵያ ነው እንዴ የሞላሽው?"

"ታዲያ በማን ልሙላው?"

እውነቷን ነው። የፈረንጅ ቀን የታተመበት ደብዳቤ ስንልክ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይመልስብን ነበር። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን በእጇ ወደ እኛው መለሰችው። ወር በገባ ቁጥር ታስተካክለዋለች። ጳጉሜን ስለማያውቃት ያኔ ብቻ በእስክሪቢቶ ትጽፋለች። እኛም ጎበዝ ብለናት ነበር።

"ኮምፒውተሩ ፊርማው ላይ የራሱን ቀን ያትማል" አለ ሰውየው። "ቁልፉ የወጣው ዘንድሮ ነው። እርስዎ ከስምንት ዓመት በፊት የፈረሙበት ይመስላል፣ ጋሼ።"

"ያኔማ የምፈርመው በጣቴ ነበር" አልኩት።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየረችው። ፈረምኩ። ተረጋገጠ። ኢንተርኔቱም አብሮ ተከፈተ፤ ለካ እሱንም የዘጋው ያው ቀን ነበር።

መኪናው ወረደ። አብሮት የመጣው የገዢው ተረካቢ ከታች የተደረደሩትን ጆንያዎች ነካ ነካ አድርጎ፣ "ይሄ ውኃ አውጥቷል፣ አይጫንም" አለ። የእኔም ነበሩበት። ሜዳ ላይ ደፋናቸው።

ሲጨርስ የርክክብ ወረቀት ሰጠኝ። በእስክሪቢቶ ፈረምኩ። ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው።