የወጥ ቤት በር

ቦሰናን ለማወቅ ደረጃ ስትወጣ ማየት ይበቃል። ከአሥራ አራት ዓመት የቤሩት ኑሮዋ ዘጠኙን ያሳለፈችው ቨርደን ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ቤት ተቀጥራ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ለባለቤቶቹ ነው፤ ለእኛ ቢጤ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን ጀምሮ ወጥ ቤት በር ላይ የሚያልቅ የኋላ ደረጃ አለልን። በእሱ ስትወጣ ስትወርድ ጉልበቷ አለቀ። እኔ ደሜ ሲፈላ እሷ ትስቅብኛለች። ምን ታካብጃለሽ አበበች፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ትለኛለች።

ማዳሟ ሲሞቱባት እኔና ሃይሚ ወደምንኖርበት ኦዛይ መጣች። ሦስታችንም ቀን ቀን የሰው ቤት እናጸዳለን። ክፍላችን ከአናጢ ቤት በላይ ናት፤ አውሮፕላን በራሳችን ላይ ባለፈ ቁጥር ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቃለን። መስኮት የላትም። ለሦስት ሴት ይሁን፣ ችለን ኖርን። ሃይሚ ግን አረገዘች፤ የልጁ አባት ደግሞ ስልኩን ከዘጋ ቆይቷል። ስምንት ወሯ ላይ ስትደርስ ባለቤትዬው ክፍሉን ለእንጨት ማስቀመጫ ስለምፈልገው በወር ውስጥ ውጡልኝ አለን።

ቤት ፍለጋው የቦሰና ሆነ። አረብኛዋ ከማዳሟ አፍ የተቀዳ ስለሆነ ስትደውል አከራዮቹ እንደ ዘመድ ያዋሯታል። ስትሄድና ፊቷን ሲያዩ ግን ቤቱ አሁን ተያዘ ይሏታል። አንዱማ ሰፈራችን ጥቁር አናስገባም ብሎ በግልጽ ነገራት። ይሄ እንኳ አልዋሸም ብላ አመስግናው መጣች! እኔ ብሆን የምለውን አውቅ ነበር። አምስት ቤት እንዲህ ሆነ።

ስድስተኛው ዛልቃ የሚባል ሰፈር ነበር። ማዳም ጆርጀት የሚባሉ ባልቴት ከራሳቸው ቤት በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያከራያሉ። በስልክ ተግባብተው ቅዳሜ ጠዋት ነይ አሏት። ሄደች፤ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዋናውን በር አልፋ፣ ሕንጻውን ዞራ፣ በኋላ ደረጃ ወጥታ የሴትዮዋን ወጥ ቤት አንኳኳች። ሴትዮዋ በዚያ በር የመጣች ሐበሻ ሲያዩ ልጃቸው የላከችላቸው የጽዳት ሠራተኛ መሰለቻቸው፤ ዘገየሽ ብለው መወልወያ ሰጧት። እሷም ተቀበለች። እጄ ቀድሞኝ ያዘው፣ አለችኝ ኋላ። የለመደ እጅ ባለቤቱን መች ይጠይቃል።

ቤቱን ሁሉ ወልውላ ስትጨርስ ሴትዮዋ ሒሳብ ሊሰጧት ሲሉ አልቀበልም አለች።

“ማዳም፣ ቤት ለመከራየት የደወልኩት እኔ ነኝ።”

ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የተወለወለውን ወለል አዩ። ኋላም አከራይሻለሁ፣ ግን ጎረቤት እንዳያጉረመርም በኋላ ደረጃ ውጡ ግቡ አሏት። ለራሷ ጉዳይ አንድም ቀን እንቢ ብላ የማታውቀዋ ቦሰና ያን ጊዜ አንገቷን ቀና አደረገች።

“እኔ እሺ። የሚወለደው ልጅ ግን በወጥ ቤት በር አይገባም።”

ብላ ወጣች። ስትነግረን ጮኽኩባት፤ አዎ፣ ስለ ደረጃ ስነጫነጭ የኖርኩት እኔው! ልጁ መንገድ ላይ ሊወለድ ነው ወይ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሰኞ ማዳም ጆርጀት ራሳቸው ደወሉ። ቁልፉን ነይ ውሰጂ፣ የዋናው በር ቁልፍም አለበት፣ ጎረቤቶቼን ለእኔ ተዪልኝ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አሏት። ቦሰና ስልኩን ዘግታ ከሃይሚ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሃይሚ ሴት ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል ስንመለስ ማዳም ጆርጀት የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ዋናውን በር ከፍተው ጠበቁን። አንዲት ጎረቤት ከላይ እስከ ታች ብታየን መብሩክ፣ እንኳን ደስ አላችሁ በያቸው እንጂ አሏት፤ ጎረቤቷም አለችን። ሃይሚ ሕፃኗን አቅፋ፣ እኔ ደግፌያት በሊፍት ወጣን። ቦሰና ከታክሲው ዕቃ እያወረደች ስለነበር ትደርስብናለች ብለን ነው።

ገና ከመቀመጣችን የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ። ስከፍት ቦሰና ናት፤ በሁለት እጇ ሻንጣ ይዛ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

“ቦሲዬ፣ ያንቺ ቤት እኮ ነው” አልኳት።

በሩን አየችው። የወጣችበትን ደረጃ አየችው። “ወይኔ” ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። አንጀቴን በላችው። ሻንጣውን ተቀብዬ ክንዷን ያዝኩና ቀስ ብለን፣ ጉልበቷን እያሳረፍን፣ በዚያው ደረጃ እስከ ምድር ወረድን። ሕንጻውን ዞረን በዋናው በር ገባን። ሊፍቱን የሚጠራውን ቁልፍ እንድትጫነው ለእሷ ተውኩላት።