ዝም ባልኩባቸው ሁለት ሳምንታት ጌታ ያሰማኝ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ልመሰክር ቆሜያለሁ። ድምፄ አንዳንዴ ይሰነጠቃል፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ታገሱኝ። ስሙ ይባረክ።

ተወልጄ ያደግኩት ቀጨኔ ነው። ሥራዬ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ላይ ተራ ማስከበር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስጮህ ነው የኖርኩት። ሹፌር ያለ ተራው ሲገባ እጮሃለሁ፣ ሰልፍ ሲበላሽ እጮሃለሁ። እሺ፣ ሥራው ነው። ችግሩ ጩኸቱን ቤትም ይዤው እገባ ነበር። ወጡ ጨው ከበዛበት እጮሃለሁ፣ ጫማዬ ካስቀመጥኩበት ከተነሳ እጮሃለሁ። እ... ማለቴ፣ በባለቤቴ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። አልሰክርም፣ ቤቴን አላስርብም፣ ዓመት በዓሉን አከብራለሁ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ጥሩ ባል ከየት ይመጣል እል ነበር።

ባለቤቴ ወይንሸት፣ ያቺ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው፣ ጌታን ያገኘችው ከእኔ በፊት ነው። እሁድ እሁድ ሸጎሌ እህቴ ጋ ልሂድ ትለኝና እዚህ ትመጣ ነበር። እኔም እህትሽ እንዴት ናት ብዬ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ልጃችን ሰላም ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አምና ድምፄ መጎርነን ጀመረ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ስጠጣ ሳምንታት አለፉ። ጓደኞቼ በእጅ ምልክት ማሰለፍ ጀመርክ እንዴ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ደም የቀላቀለ ምራቅ ስተፋ ወይንሸት አየችኝና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ ጉሮሮዬን አየች። የድምፅ አውታሬ ላይ እብጠት እንዳለ፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ነገረችኝ። ካንሰር ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ልዋሽዎት አልፈልግም" አለችኝ።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ለሁለት ሳምንት አንድ ቃል እንዳልናገር፣ ማንሾካሾክ እንኳ እንደማይፈቀድልኝ አስጠነቀቀችኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው። ሰላም ደጅ ላይ ከጎረቤት ልጅ ከማርታ ጋር ስታወራ ይሰማኛል። እኛ ቤት ገብተን አብረን እናጥና ትላታለች፤ ማርታ ፈራ ተባ ትላለች። ሰላም ምን አለቻት መሰላችሁ?

"አትፍሪ፣ አባዬ አሁን መጮህ አይችልም። ሁለት ሳምንት ነው የተባለው። ከዚያ በኋላ ግን አትምጪ።"

ወገኖቼ፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል ስባል እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ልጄ የእኔን በሽታ እንደ ዕረፍት ቆጥራዋለች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ድምፅ የሌለው ለቅሶ አለቀስኩ።

ወይንሸት ከሥራ ስትገባ ደብተሩ ላይ "ትፈሩኛላችሁ?" ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው። ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አዎ" አለችኝ። "እለምደዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልለመድኩትም።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። እሁድ የምትሄደው እህቷ ጋ እንዳልሆነ፣ ጌታን ካገኘች ሦስተኛ ዓመቷ እንደሆነ፣ ስለ እኔ ስትጸልይ እንደኖረች። ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ያን ቀን ምን እንደምላት አውቀዋለሁ። ስለሌለኝ እስክትጨርስ ሰማኋት። ከተጋባን ጀምሮ ሳላቋርጣት የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ስትጨርስ "እሁድ እኔንም ይዘሽኝ ሂጂ" ብዬ ጻፍኩላት። ክብር ለእሱ ይሁን።

እሁድ መጣሁ። ሁላችሁም ስትዘምሩ እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ሊጠይቁኝ ቤት መጡ። ከጌታ አጠገብ ስለ ተሰቀለው ወንበዴ ነገሩኝ። ያ ሰው ጥፋቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ አልነበረውም፣ የሚያሳየው መልካም ሥራም አልነበረውም፤ ያለው ነገር ቢኖር ጌታን ማመን ብቻ ነበር አሉኝ። እኔም ከነገ ጀምሮ አልጮህም ብዬ መማል እንደማልችል፣ ራሴን እንደማውቀው ጻፍኩላቸው።

"ማን ማል አለህ? አንተ እመነው፤ የሚለውጥህ እሱ ነው" አሉኝ።

በአፌ መናገር ሳልችል እንዴት እቀበለዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰ ፈገግ አሉ።

"ልብህን የሠራው ልብህን መስማት ያቅተዋል?"

እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ተንበረከክኩ። ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም። በልቤ ግን፣ ጌታ ሆይ፣ እኔ ስታመም ነው ቤቴ ያረፈው፣ ኃጢአተኛ ነኝ፣ ስለ እኔ እንደሞትክና እንደተነሳህ አምናለሁ፣ ተቀበለኝ አልኩት። መብረቅ አልወረደም። ደረቴ ላይ ዘመኑን ሁሉ ተቀምጦ የነበረ ነገር ግን ተነሳልኝ። ልብ በሉ፣ የምርመራው ውጤት ያን ጊዜ ገና አልመጣም። ምንም ይምጣ ምን የእሱ ሆኜ ነበር። ጌታ ይመስገን።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ካንሰር አይደለም አለችኝ። ወይንሸት ወንበሩ ላይ እንዳለች አለቀሰች። ቀስ ብዬ መናገር እንድጀምር ተፈቀደልኝ። ቤት ስንደርስ ልጄ ፊት ተንበርክኬ "ሰላምዬ፣ ይቅር በዪኝ" አልኳት። መጀመሪያ እናቷን አየች። ከዚያ እሺ አለችኝ። ማርታን ግን አልጠራቻትም፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

ያን ቀን መልአክ ሆንኩ አልላችሁም። አንድ ቀን ብርጭቆ ቢሰበር ጮህኩ። ድሮ ቢሆን በሩን አላትሜ እወጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስብርባሪውንም ጠረግኩ። ወራት እንዲህ አለፉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሥራ ስመለስ ማርታ ጠረጴዛችን ላይ ደብተሯን ዘርግታ አገኘኋት። ቀና ብላ እንደምን ዋሉ አለችኝና ጽሑፏን ቀጠለች። አልተነሳችም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ጌታ ሆይ፣ ይህ ያንተ ሥራ ነው አልኩ።

እናቴ ዛሬም ቀጨኔ መድኃኔዓለም ነው የምታስቀድሰው። ጌታን ተቀበልኩ ስላት በጣም አዝናብኝ ነበር። አሁን ግን በየሳምንቱ እየመጣች ቤታችን ታድራለች። ባለፈው "አንተ ልጅ፣ እዚህ ቤት እኮ እንቅልፍ ይወስደኛል" ብላኛለች።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፣ ከዚያ አምናለሁ እያላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። እኔ ሳልስተካከል ነው የተቀበለኝ። ስብሰባው ሲያልቅ እኔና ወይንሸት እዚሁ እንቆያለን። ጸሎት አላውቅም የሚል ቢኖር አይፈር፤ አጠገባችን ይቀመጥ፣ አብረን እንጸልያለን። ክብር ሁሉ ለኢየሱስ ይሁን።