አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ

አጎቴ ከሐይቅ ደወለና፣ «የሰይድ አባት አረፉ። እሱ አልሰማም፤ አሟቸዋል ብለህ ይዘኸው ና፣ መርዶውን እኛ እንነግረዋለን» አለኝ። ሰይድ አብሮ አደጌ ነው፤ አዲስ አበባም ጎረቤቴ። ስነግረው አንድ ነገር ሳይጠይቅ ተነሳ።

እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ይህችን ታህል መቻል ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር። አቃተኝ እንጂ! ገና ሳንነሳ ሰዓቴን አያለሁ፣ ዓይኑን እሸሻለሁ። እሱ ደግሞ፣ «ወላሂ ትበላታለህ፣ በባዶ ሆድህ አይሆንም» እያለ የራሱን ዳቦ ሳይቀር ይሰጠኛል። ምስኪን፣ አባቱ ሞተው እሱ እኔን ያበላል፤ እንባዬ መጣ።

በመኪና ሐይቅ ስንደርስ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ድንኳኑ የተተከለው እኛ ደጅ ነው።