የአባቴ መንጋጋ

አባቴ የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ነበር። ከቆላ የሚመጣው አፋርና ከደጋ የሚወርደው ገበሬ በእሱ አፍ ነው የሚስማሙት። ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ የጀመረውን ከሌላው ጋር በአማርኛ ይጨርሰዋል።

ጉንጩ ውስጥ የወጣው ቁስል ካንሰር ነው ተባለ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ አዲስ አበባ ጨረር ወሰደ። ዳነ ብለን ወደ ከሚሴ ይዘነው መጣን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አፉ አልከፈት አለ። ጨረሩ የመንጋጋውን ጡንቻ አድርቆት ኖሯል።

ለቀጠሮ ስንመለስ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየችው። ሐኪሞች ምላስ የሚጫኑበትን ስስ እንጨት ደራርባ በጥርሶቹ መሀል አስገባች።

"አባባ፣ እየቆዩ አንድ አንድ ይጨምሩ። ያማል፤ ካልታገሱት ግን አይከፈትም" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከጨረሩ ጋር አብሮ መጀመር ነበረበት። አልነገሯችሁም?"

ማንም አልነገረንም።

ቤት ውስጥ እንጨቱን የማስገባው እኔ ነበርኩ። እናቴ ማየት ስለማይሆንላት ወደ ጓሮ ትወጣለች። አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ይላል፤ እንጨቱን ስገፋው እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል።

"ተይኝ ልጄ። አላህ ሲፈቅድ ይከፈታል።"

"እስኪፈቅድ እኛም እንሞክር፣ አባ።"

ጥርሱን እንደነከሰ ይስቃል።

ትንሽ ከፈት አለለት። ማንኪያ በጎን መግባት ሲጀምር ገበያ ካልሄድኩ አለ። ሰንበቴ ወሰድኩት። የቆየ ደንበኛው፣ አንድ የአፋር ከብት ነጋዴ፣ እጁን ይዞ ሰላምታውን አወረደለት። አባቴ ስለ አንድ ወይፈን ዋጋ መናገር ጀመረ። ሰውየው ጆሮውን አስጠጋ። አሁንም አስጠጋ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ "ምን እያለ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። አባቴ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ሰውየው እንደገና እኔን አየኝ።

አባቴ እጁን አስለቀቀና በከብቶቹ መሀል ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እንጨቱን ይዤ ስመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። መንጋጋው ተመልሶ ገጠመ። ወተትና አጥሚት በቀጭን ቱቦ እየሳበ ኖረ፤ ሰውነቱ አለቀ። ካንሰሩ አልተመለሰም ነበር። ሐኪሞቹ በየቀጠሮው ነጻ ነው ይሉናል።

ክረምቱ ሲወጣ የሳንባ ምች ያዘው፤ ያ አቅም ያጣ ሰውነት አልቻለውም።

አጎቴ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ "ያ ካንሰር በላብን" ይል ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። የማስረዳበት ጉልበት አልነበረኝም።