ቅቤ የጠጣችው መኪና

ዲላ ተቀምጦ ስለ ብርድ የሚያስተምረኝን ሰው አልወድም። አሠሪዬ እንዲህ ነበር። ሱቁ ደጃፍ ላይ በካናቴራ ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ «ናፍጣ ይረጋል ትላለህ? ሞኝህን ፈልግ!» ይለኛል። ደጋው ላይ፣ ቡሌ፣ አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም።

እኔ ግን ጃንሆይ ሳይወርዱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የጭነት መኪናውን እየነዳሁ ገብስና ቆጮ ለማውረድ ቡሌ እመላለስ ነበር። ማታ ናፍጣው ቀጠን እንዲል ላምባ እጨምርበታለሁ። ጠዋት በቆርቆሮ ፍም አድርጌ ከሞተሩ ሆድ ሥር እገፋለሁ፤ ዘይቱ ሲላላ ትነሣለች። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብርዱም ፊደል አልጠየቀኝም።

ሚስቴን ያገኘሁት በዚህችው መኪና ነው። በመልኬ ነው ብል ውሸት ይሆናል። አባቷ ሽማግሌዎቹ ፊት በግልጽ ነግሮኛል፦ «ልጄን የምሰጠው ለሞተሩ ነው። በሠርጉ ቀን በሞተር ካልወሰድካት እዚሁ ትቀራለች።» መኪናዋ የሌላ ሰው እንደሆነች ያውቃል፤ ግድ የለውም። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

በዋዜማው ወደ ሙሽራዋ አገር ወደ ቡሌ ወጥቼ ላምባዬን ስጨምር የሙሽራዋ አክስት አጠገቤ ቆመች።

«ምንድነው የምታጠጣት?»

«ላምባ ነው እማማ፤ ብርድ እንዳይመታት።»

«ለሠርገኛ ላምባ? አታፍርም?»

ሳቅሁና ለመተኛት ሄድኩ።

እዚያ አገር ሙሽራ ራሱን ቅቤ ሳይቀባ አይወጣም። ጠዋት ስነሣ መኪናዋም ተቀብታ አገኘኋት፤ ኮፈኗ ላይ ቅቤው ረግቷል። ደስ እንኳ አለኝ። ፍሙን አስጠግቼ ቆየሁና የማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ አዞርኩ። እንደ ሽማግሌ አሳላትና ዝም አለች። የሠፈሩ ወንጌላዊ መጥቶ እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ ጸለየ፤ ያተረፈው መዳፉ ላይ የቀረውን ቅቤ ነው።

የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ስፈታ ውስጡ ቅቤ ጥቅጥቅ ብሎበታል። አክስቲቱን ፈልጌ አገኘኋት።

«እማማ፣ ታንኩ ውስጥ ምን ጨመሩ?»

«አንድ ቅል ቅቤ ነዋ! አቅልጬ። እኔ ሲበርደኝ ቅቤ ነው የምጠጣ። ያንተ ላምባ ሆዷን ያቃጥላታል።»

የሙሽራዋ አባት በትሩን ይዞ መጣ።

«ሙሽራው፣ ሞተሩ የታለ? ድምፁን አልሰማሁም።»

«ይኼኛው ዘመናዊ ነው አባቴ፤ ጠዋት ጠዋት ድምፅ የለውም» አልኩ።

ደግነቱ ቡሌ የሚያድር ሾፌር ሁሉ መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ነው የሚያቆም። ሙሽራዋን ጎኔ አስቀመጥኩና ሚዜዎቹን «ግፉ፤ እየዘፈናችሁ ግፉ!» አልኳቸው። ፍሬኑን ለቀቅሁ።

ሙሽራዋ ነጠላዋን ተከናንባ ታለቅሳለች፤ ወጉ ነው። መንከባለል ስንጀምር ግን ለቅሶዋን አቁማ ጆሮዋን ሰጠች። የመንገድ ዳር ልጅ ናት፤ የሞተር ድምፅ አይጠፋትም። አሁን «አባዬ» ብላ ብትጮህ አለቀልኝ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ እንዲህ ያለ ለቅሶ ለቀቀችው፣ እንኳን የሞተ ሞተር፣ ወፍጮ ቤት ይሸፍናል። አባቷ ኩራት በኩራት ሆኖ በትሩን ወዘወዘልን።

መታጠፊያውን እንዳለፍን ለቅሶዋን ቧንቧ እንደሚዘጋ ሰው ዘጋችና «በል አሁን አስነሣው» አለችኝ። ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ሚዜዎቹ የጠዋቱን ፍም በቆርቆሮው ይዘው ደረሱብን፤ ከታንኩ ሥር አደረግነው። ናፍጣ ሥር እሳት ማድረግ ዕብደት ነው፤ አውቃለሁ፤ ሠርግም ዕብደት ነው። ሚዜዎቹ ሮጠው ራቁ፤ እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ እሳቱን ታራግባለች። ቅቤው ቀለጠ፤ ፊልትሮውን በላምባ አጠብኩት፤ ማኖቬላውን አዞርኩ። ተነሣች። ጭሷ ክትፎ ክትፎ ይሸታል።

ዲላ ስንገባ አሠሪዬ በካናቴራው ወጥቶ አየሩን አሸተተ።

«መኪናዬ ላይ ምን ጠበስክ?»

«ምንም ጋሼ፤ ናፍጣው ረግቶብኝ ነው።»

«ናፍጣ አይረጋም አልኩህ!»

ሙሽራዋ ነጠላዋ ውስጥ ሆና ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

አባቷ እስኪሞት ድረስ በየለቅሶ ቤቱ «የልጄ ሞተር ድምፅ የለውም» እያለ ሲኮራ ኖረ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አላነሣኝም።