የተጸለየበት ሳጥን

ባለፈው ወር፣ እሁድ ከሰዓት... እዚህ ነቀምቴ፣ ጎረቤቴ አዴ ወርቄ ቤት ሃያ የምንሆን ሰዎች ተሰብስበን ሻንጣ ሲከፈት እያየን ነው። ልጃቸው ጫልቱ ከአራት ዓመት በኋላ ከዱባይ መምጣቷ ነበር።

የእኔ ልብ ግን የሚመታው ለሌላ ነገር ነው። ሻንጣው ውስጥ የእኔ ሳጥን አለ።

ምን መሰላችሁ... እኔ የሮል ፕሌይንግ ጌም፣ ማለትም እንደ ተረት ጀግና ሆነው የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ስፔሻል ኤዲሽን እሰበስባለሁ። በትልቅ ሳጥን ታሽጎ፣ ከሐውልት፣ ከሥዕል መጽሐፍና ከጨርቅ ካርታ ጋር የሚሸጠውን። ደግሞ አልጫወታቸውም! ፕላስቲኩ ከተቀደደ ክብሩ ይቀንሳል ብዬ መደርደሪያ ላይ ደርድሬ አያቸዋለሁ። የሰላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ይህን ለሰው መናገር ያሳፍረኛል። ስለዚህ አምጪልኝ ብዬ ስለምናት ለጫልቱ በስልክ ምን አልኳት? «ትንሽ ዕቃ ነች፣ ለተማሪዎቼ ማስተማሪያ።»

ትንሽ አልነበረችም። ሳጥኑ ሲወጣ የሻንጣው ግማሽ ባዶ ቀረ።

አዴ ወርቄ ሻንጣውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ብርድ ልብሱስ?» አሉ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ስለሚያሰቃያቸው፣ ወፍራም የዱባይ ብርድ ልብስ ሊመጣላቸው እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል።

ጫልቱ አቀረቀረች። «አዮ... እማዬ፣ ኪሎ ሞላብኝ። ኤርፖርት ላይ ከሁለቱ አንዱን ቀንሺ ሲሉኝ... የመምህሩ የተማሪዎች ነው ብዬ...»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተናገር፣ ተናገር ይለኛል ውስጤ... እኔ ግን የሳጥኑን አቧራ እጠርጋለሁ።

«ለልጆች ትምህርት ከሆነማ እኔ በጋቢዬ እከርማለሁ» አሉ አዴ ወርቄ። እሳቸው ቤት ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሳይጸለይበት አይነካም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጭነው «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ዕቃ የልጆቻችንን አእምሮ ክፈት» ብለው ጸለዩ። እኔም ከሁሉም አስበልጬ «አሜን!» አልኩ።

«በል ክፈተው ባርሲሳ፣ እንየው» አሉኝ አዴ ወርቄ። አስተማሪ ስለሆንኩ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ።

ፕላስቲኩን ቀደድኩት። ጎራዴ የያዘች፣ ልብስ ያነሳት ሴት ዘንዶ ላይ ተቀምጣ ወጣች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይቺ... የምን ትምህርት ናት?»

ጫልቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አፌን ሳልከፍት አዴ ወርቄ ቀደሙኝ።

«የኮምፒውተር ነዋ! እኛ ምን እናውቃለን? በሉ ምግብ ይቅረብ!» ብለው ሐውልቷን በነጠላቸው ሸፈኗት።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኢልማ ኮ... ልጄ፣ መጫወቻ ነው አይደል?» አሉኝ። መሬት መሬት እያየሁ «አዎ» አልኩ። ነገውኑ ብርድ ልብስ ገዝቼ ላምጣ ብላቸው «እኔ የፈለግኩት ከልጄ እጅ ነበር» አሉ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ግን ተጸልዮበታል፤ አንተም አሜን ብለሃል። እንግዲህ የምታስተምራቸውን ልጆች ፈልግ» አሉኝ።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ደግ ሰው እንዳልመስላችሁ... ሀፍረት ነው።