ተከራይነቴን የካድኩ ዕለት

ዛሬ ጠዋት፣ አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ፣ «የእማማ ዘሃራ የእህት ልጅ ነኝ» ብዬ ለቀበሌ ሰዎች መሰከርኩ።

እማማ ዘሃራ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ያሉ አከራዬ ናቸው። ሰዎቹ የመጡት የኪራይ ውል ሊመዘግቡ ነበር፤ ውሉ የተመዘገበለትን ተከራይ አከራዩ ደስ ባለው ቀን ማስወጣት አይችልም።

«ዘመድ ነኝ በላቸው ልጄ፤ በእኔና ባንተ መሀል ምን ውል ያስፈልጋል?» አሉኝ እማማ። መዝጋቢዋ ማተቤን አይታ ፈገግ ስትል፣ እናቴ እዚሁ ግቢ እንዴት እንዳደገች ጭምር ተረክኩላት። እናቴ ጅማን አይታ አታውቅም።

ከሰዓት እማማ በሬን አንኳኩ። «የወንድሜ ልጅ ከሊሙ ገነት እየመጣ ነው፤ ክፍሉን ልቀቅለት።»

«ኧረ እማማ፣ ሕግ አለ» አልኩ።

«ሕጉ ለተከራይ ነው፤ አንተ ዘመድ አይደለህ?»

እናንተስ፣ የአከራያችሁ ምናቸው ነን ብላችሁ ነው የምትኖሩት? ትርፍ ክፍል ያላት አክስት ካለቻችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በእህት ልጅነት ልምድ አለኝ።